የአርክቴክቸርና የምህንድስና ዲዛይን ድርጅቶች የአሜሪካን የምርምር ታክስ ክሬዲት የሚጠይቁበት አሠራር

አሜሪካ ውስጥ የዲዛይን ድርጅት ያላቸው አርክቴክቶችና መሐንዲሶች የታክስ ወቅት በተቃረበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሡልኛል፦ «እኛ ላቦራቶሪ የለንም፤ ሥራችን ለደንበኛ ዲዛይን መሥራት ነው፤ ታዲያ የምርምር ክሬዲት ለእኛ ይሆናል ወይ?» የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ውሎቻችሁን ሳላነብ ልናገር አልችልም። ይህ መመሪያ የፌዴራሉን ክሬዲት፣ ማለትም በአገር ውስጥ ገቢ ሕጉ አንቀጽ 41 የተደነገገውን፣ ከመጀመሪያው ውል ንባብ ክሬዲቱ እስከሚጠየቅበት ቅጽ 6765 ድረስ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ብዙ ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው የምርምር ክሬዲት አላቸው፤ እዚህ ግን አልገባበትም።

ክሬዲትና ተቀናሽ ወጪ የተለያዩ መሆናቸውን ከወዲሁ መያዝ ይጠቅማል። ተቀናሽ ወጪ ታክስ የሚሰላበትን ገቢ ሲቀንስ፣ ክሬዲት ግን ከተሰላው ታክስ ላይ ዶላር በዶላር የሚነሳ ነው። በመሆኑም አይአርኤስ (የአሜሪካ ፌዴራል ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) የሚጠይቀው ማስረጃም ጠበቅ ያለ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚሰበሰቡ ሰነዶች

• በታክስ ዓመቱ ሥራ የተሠራባቸው ፕሮጀክቶች ሙሉ ውሎች፣ ከማሻሻያዎቻቸውና ከተጨማሪ ሥራ ስምምነቶቻቸው ጋር
• በፕሮጀክትና በዲዛይን ደረጃ የተከፋፈለ የሠራተኞች የሰዓት መዝገብ
• የሠራተኞች የደብልዩ-2 ቅጾች (አሠሪው የእያንዳንዱን ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ የሚያሳይባቸው)
• ከንዑስ አማካሪዎች ጋር የተፈረሙ ውሎችና የከፈሏቸው ደረሰኞች
• የተጣሉ የዲዛይን አማራጮች፣ የስሌት ፋይሎች፣ የሞዴል ውጤቶች፣ የአፈር ምርመራ ሪፖርቶች፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችና የቴክኒክ ኢሜይሎች
• ያለፉት ሦስት ዓመታት የታክስ መግለጫዎች፣ እንዲሁም የእነዚያ ዓመታት የምርምር ወጪ ስሌት

ከእነዚህ መካከል ዘወትር የሚጠፋው የተጣለው አማራጭ ነው። የሬቪት (የሕንፃ ዲዛይን ሶፍትዌር) ሞዴል በአዲሱ እየተተካ ይቀመጣል፤ ያልተመረጠው የመሠረት ወይም የአየር ማስተላለፊያ አማራጭ ደግሞ «አላስፈላጊ ፋይል» ተብሎ ይሰረዛል። ለታክስ መርማሪ ግን ሙከራ መደረጉን የሚያሳየው እሱ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ የዲዛይን ደረጃ መጨረሻ የሞዴሉን ቅጂ ቀን ጽፈውበት ለብቻው የማስቀመጥ ልማድ ዛሬውኑ ይጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ከደመወዝ በፊት ውል ያንብቡ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው የመሐንዲሶቹን ደመወዝ በመደመር ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ድርጅት ብዙ ሳምንት የፈጀውን ስሌት በኋላ ግማሹን ሊጥል ይችላል፤ ምክንያቱም ሌላ ወገን ገንዘቡን የሸፈነው ምርምር ለሠሪው ክሬዲት አያስገኝም። የዲዛይን ድርጅት ሥራ ሁሉ በደንበኛ ክፍያ የሚከናወን ስለሆነ፣ መጠየቅ ያለበት ደንበኛው መክፈሉ ሳይሆን ዲዛይኑ ባይሳካ ኖሮ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቅ እንደነበር ነው።

ለእያንዳንዱ ውል ሁለት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ይመልሱ።

ሀ. ክፍያው በሥራው መሳካት ላይ የተመሠረተ ነው ወይ? በሰዓት ሂሳብ የሚከፈል ውል፣ ዲዛይኑ ሠራም አልሠራም ሰዓቱ ስለሚከፈል፣ አደጋውን በደንበኛው ላይ ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለውን ፕሮጀክት ከዝርዝሩ ያውጡት። በቁርጥ ዋጋ የተፈረመ ውል ግን የተጨማሪውን ሰዓት ወጪ በድርጅቱ ላይ ስለሚጥል የተሻለ ዕድል አለው። በአማካሪ ምህንድስና ድርጅቱ በጂኦሲንቴክ ጉዳይ የአሥራ አንደኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2015 ይህንኑ ልዩነት አስቀምጧል፦ የቁርጥ ዋጋ ውሎቹን ተቀብሎ፣ ወጪ እየተተካ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ የሚከፈልባቸውን ግን በሌላ ወገን ገንዘብ እንደተሠሩ ቆጥሯቸዋል። ስለዚህ «ጣሪያ ስላለው ቁርጥ ዋጋ ነው» ብለው አይለፉት።

«ቁርጥ ዋጋ» የሚለው ቃል በውሉ ውስጥ መኖሩ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። የሜየር ቦርግማን እና ጆንሰን ስትራክቸራል ምህንድስና ድርጅት በ2024 በስምንተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተሸነፈው፣ ውሎቹ ክፍያውን ከምርምሩ መሳካት ጋር አያይዘው ስላልጻፉ ነው፤ ሥራው የሙያውን ደረጃና የሕንፃ ደንብን እንዲያሟላ የሚያስገድደው ጠቅላላ ግዴታ በቂ ሆኖ አልተገኘም። በመሆኑም በውሉ ውስጥ የሚከተሉትን የመሰሉ አንቀጾች ፈልገው ያስምሩባቸው፦ ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት ሥራውን መርምሮ የመቀበል ወይም የመመለስ መብት፤ ጉድለት ያለበትን ዲዛይን ድርጅቱ በራሱ ወጪ እንዲያርም የሚያስገድድ ቃል፤ እንዲሁም ዲዛይኑ ተለይቶ የተጻፈ የአፈጻጸም መለኪያ እንዲያሟላ የሚጠይቅ ዋስትና።

ለ. ድርጅቱ በሥራው ውጤት ላይ ጉልህ መብት ይዞ ቀርቷል ወይ? ብቸኛ ባለቤት መሆን አይጠበቅበትም፤ የሠራውን ለሌላ ሥራ ለመጠቀም ለደንበኛው የማይከፍል ከሆነ በቂ ነው። የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም መደበኛ ውል የንድፍ ሰነዶቹን የቅጂ መብት ለአርክቴክቱ ትቶ ለባለቤቱ የመጠቀሚያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ሆኖም ደንበኞች ይህን አንቀጽ ሰርዘው የራሳቸውን ስለሚያስገቡ የተፈረመውን ቅጂ እንጂ መደበኛውን አይመልከቱ። ሥራውን በመሥራት የተገኘ ልምድ ብቻውን እንደ መብት አይቆጠርም።

ማስጠንቀቂያ፦ ውሉ ከተፈረመና ሥራው ካለቀ በኋላ አደጋውን ለማዛወር የሚጻፍ የማብራሪያ ደብዳቤ አይረዳም። ይልቁንስ ከዚህ ደረጃ ያገኙትን ትምህርት ለቀጣዩ ዓመት ውሎች ይጠቀሙበት፤ የውሉን ቃል የሚያዘጋጀው ጠበቃ ግን የሙያ ኃላፊነት መድንዎ የማይሸፍነውን ዋስትና እንዳይፈርሙ አብሮ ያመዛዝን።

ደረጃ 2፦ የቀሩትን ፕሮጀክቶች በአራቱ መመዘኛዎች ይፈትሹ

ሕጉ ሥራው አራቱንም መመዘኛዎች በአንድነት እንዲያሟላ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ወጪው የምርምርና የሙከራ ወጪ መሆን አለበት፤ ማለትም ሥራው ሲጀመር ሊደረስበት የታሰበውን ነገር ማሳካት ይቻል እንደሆነ፣ በምን ዘዴ እንደሚሳካ ወይም ተገቢው ዲዛይን የትኛው እንደሆነ በእጅ ካለው መረጃ የማይታወቅ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ያ ያልታወቀ ነገር የሚፈታው በምህንድስና፣ በፊዚካል ሳይንስ፣ በሥነ ሕይወት ወይም በኮምፒውተር ሳይንስ መርሖች ነው። ሦስተኛ፣ ዓላማው የአንድን የተለየ ምርት ወይም ሂደት፣ በሙያው ቋንቋ የአንድን ቢዝነስ ኮምፖነንት፣ አገልግሎት፣ አፈጻጸም፣ አስተማማኝነት ወይም ጥራት ማሻሻል ነው፤ የቅጥ፣ የውበትና የምርጫ ጉዳይ አይቆጠርም። አራተኛ፣ ከሥራው ቢያንስ 80 በመቶው የሙከራ ሂደት መሆን አለበት፤ አማራጮች ተለይተው፣ በስሌት፣ በሞዴል ወይም በፍተሻ ተገምግመው የተመረጡበት ሂደት ማለት ነው።

የዲዛይን ድርጅቶች የሚሰናከሉት በአንደኛውና በአራተኛው ላይ ነው። የከርተን ዎል (የሕንፃ የውጭ መስታወት ግድግዳ) ቀለም መምረጥ ከመጀመሪያው ውጪ መሆኑን ሁሉም ይረዳል፤ አስቸጋሪው ግን ምህንድስና ሆኖ ሙከራ ያልሆነው ሥራ ነው። የቧንቧን ስፋት ከሠንጠረዥ መምረጥ፣ የመብራት ጭነትን በታወቀ ቀመር ማስላት፣ ወይም አርክቴክቱ ያላከውን መለኪያ ደውሎ መጠየቅ የሙያ ሥራ ነው እንጂ ምርምር አይደለም። የመካኒካል፣ የኤሌክትሪካል፣ የሳኒተሪና የእሳት መከላከያ ሥርዓቶችን የሚነድፈው ፊኒክስ ዲዛይን ግሩፕ በታክስ ፍርድ ቤት ፊት በታኅሣሥ 2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተሸነፈው በዚሁ ነጥብ ነው፤ ክሬዲቱ መከልከሉ ብቻ ሳይሆን የ20 በመቶ ቅጣትም ጸንቶበታል።

በአንጻሩ የሚያልፈው ሥራ ምን ይመስላል? ደካማ አፈር ላይ ለሚቆም ረጅም ሕንፃ የፓይል መሠረት፣ ወጥ መሠረትና የሁለቱ ጥምር በኮምፒውተር ሞዴል ተነጻጽረው፣ የመጀመሪያው የመስመጥ መጠኑ ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ ተጥሎ፣ ሦስተኛው በተሻሻለ መለኪያ እንደገና ተፈትሾ ከተመረጠ፣ ያልታወቀው ነገርም ሙከራውም በግልጽ ይታያሉ። የትልቅ አዳራሽ ጭስ ማስወገጃ በአየር ፍሰት ሞዴል ተደጋግሞ የተፈተሸበት፣ ወይም የረጅም ድልድይ ንዝረት በተለያየ የግትርነት አማራጭ የተገመገመበት ሥራም እንዲሁ ነው።

ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ማስታወሻ ያዘጋጁ፤ በውስጡም ሥራው ሲጀመር ያልታወቀው ቴክኒካዊ ነገር ምን እንደነበር፣ ምን ምን አማራጮች እንደቀረቡ፣ በምን መንገድ እንደተገመገሙ፣ የትኛው ለምን እንደተጣለ፣ ለእያንዳንዱም ነጥብ ማስረጃ የሚሆነው ፋይል የት እንደሚገኝ ይጻፍ። ማስታወሻውን የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ራሱ ይጻፈው። በሂሳብ ባለሙያ የተጻፈ ማስታወሻ በሁሉም ፕሮጀክት ላይ አንድ ዓይነት ቃል የመደጋገም ዝንባሌ አለው፤ መርማሪም ይህን ፈጥኖ ያያል።

ሙሉው ሕንፃ የ80 በመቶውን መለኪያ ካላሟላ ፕሮጀክቱን ወዲያው አይጣሉት። ደንቡ መመዘኛውን ወደ ታች እያጠበቡ መሞከርን ይፈቅዳል፦ ከሕንፃው ወደ ስትራክቸሩ፣ ከስትራክቸሩ ወደ መሠረቱ። ይሁንና የጠበበው ክፍል የራሱ የሰዓት ቁጥር ያስፈልገዋል። የሰባተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2023 በሊትል ሳንዲ ኮል ጉዳይ ታክስ ከፋዩ ከጠቅላላው ሥራ ምን ያህሉ ሙከራ እንደሆነ የሚያሳይ ስሌት ባለማቅረቡ ክሬዲቱን ነፍጎታል፤ «አዲስ ነገር ስለሠራን አብዛኛው ሙከራ ነው» የሚል ክርክር አልጠቀመውም።

ደረጃ 3፦ ሥራውን በዲዛይን ደረጃ ይከፋፍሉ

ሙከራው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቅድመ ንድፍና በንድፍ ማዳበር ደረጃዎች ነው፤ የግንባታ ሰነድ ሲዘጋጅ እየሳሳ ሄዶ፣ በግንባታ ክትትል ወቅት በጣም ያንሳል። የሰዓት መዝገብዎ ደረጃዎቹን የሚለይ ከሆነ ይህ ደረጃ በአንድ ቀን ያልቃል። የማይለይ ከሆነ ደግሞ ከአሁኑ ኮዱን ያስተካክሉ፤ ከደረጃው ኮድ በተጨማሪ «አማራጭ ግምገማ» የሚል አንድ የሥራ ኮድ መጨመር በኋላ ብዙ ክርክር ያስቀራል። በግንባታ ወቅት የመጣ እውነተኛ ቴክኒካዊ ችግር፣ ለምሳሌ ያልተጠበቀ አፈር ተገኝቶ መሠረቱ እንደ አዲስ ሲነደፍ፣ ሊቆጠር ይችላል፤ ተለይቶ ይመዝገብ።

ከአሜሪካ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከአሜሪካ ይዞታዎች ውጪ የተሠራ ሥራ አይቆጠርም። ሞዴሊንግ የሚሠራልዎት ቡድን በሌላ አገር ከሆነ፣ ፕሮጀክቱ ዳላስ ውስጥ ቢሆንም እንኳ የእነዚያ ሰዎች ሰዓት ከዝርዝሩ ይወጣል። ወሳኙ ሥራው የተሠራበት ቦታ ነው።

ደረጃ 4፦ ሰዓትን ከደመወዝ ጋር ያገናኙ

የሚቆጠረው ደመወዝ በደብልዩ-2 ሣጥን 1 ላይ የሚታየው ነው። የሚካተቱት ሦስት ዓይነት ሠራተኞች ናቸው፦ ምርምሩን የሚሠሩ፣ በቅርበት የሚቆጣጠሩና በቀጥታ የሚደግፉ። አማራጮቹን የሚያሰላው መሐንዲስ፣ በየሳምንቱ ስሌቱን የሚገመግመው ከፍተኛ መሐንዲስና ሞዴሉን የሚያዘጋጀው ድራፍትስማን ይገባሉ፤ የሂሳብ ክፍል፣ የሰው ሀብትና የገበያ ሥራ ግን አይገቡም። አንድ ሠራተኛ ከጊዜው 80 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነውን በሚቆጠር ሥራ ካሳለፈ፣ ሙሉ ደመወዙ ይያዛል።

በባለቤቶች ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ። በኤስ ኮርፖሬሽን (ገቢውና ክሬዲቱ ወደ ባለድርሻዎቹ በሚያልፍ ኩባንያ) የባለድርሻው የትርፍ ክፍፍል አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ደመወዙ ብቻ ነው። በሽርክና ማኅበር ደግሞ የሸሪኩ የግል ሥራ ገቢ እንደ ደመወዝ ይታያል። ከዚህም በላይ፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ «ከጊዜዬ ግማሹ ምርምር ነበር» ብሎ ከዓመት በኋላ በትዝታ የሚሰጠው ግምት፣ በሰዓት መዝገብ ካልተደገፈ ፍርድ ቤት ሲደርስ አይጸናም። በግሌ የባለቤቶችን ሰዓት መዝገብ ከሌለው ከማስገባት መተው ይሻላል እላለሁ፤ አንድ ደካማ ቁጥር የቀሩትንም ያስጠረጥራል።

ደረጃ 5፦ ንዑስ አማካሪዎችንና ሌሎች ወጪዎችን ይጨምሩ

ለውጭ አማካሪ ከከፈሉት ውስጥ የሚቆጠረው 65 በመቶው ነው፤ ይህም ውሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተፈረመ፣ ሥራው በእርስዎ ስም የተሠራና ባይሳካም እርስዎ የሚከፍሉበት ሲሆን ነው። ደረጃ 1 እዚህ ላይ ተገልብጦ ይመጣል፦ ለአፈር መሐንዲሱ በሰዓት የሚከፍሉት ከሆነ አደጋው የእርስዎ ስለሆነ ወጪውን ሊቆጥሩ ይችላሉ፤ በውጤት ብቻ የሚከፍሉት ከሆነ ግን ክሬዲቱን የመጠየቅ ዕድሉ የእሱ ነው። የቢሮ ኪራይ፣ የጉዞ ወጪና እንደ ኮምፒውተር ያሉ እርጅና የሚታሰብላቸው ዕቃዎች አይገቡም። ለሙከራ ሞዴል የዋለ አላቂ ዕቃ ይገባል፤ በዲዛይን ድርጅት ግን መጠኑ ትንሽ ነው።

ደረጃ 6፦ ክሬዲቱን ያስሉ

ሁለት ዘዴዎች አሉ። መደበኛው ከመነሻ መጠን በላይ ባለው ወጪ ላይ 20 በመቶ ሲሆን፣ የቆየ የገቢና የወጪ መረጃ ይጠይቃል። ቀለል ያለው አማራጭ ዘዴ ካለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ የምርምር ወጪ ግማሹ ከዘንድሮው ተቀንሶ፣ በቀሪው ላይ 14 በመቶ የሚሰላበት ነው።

ምሳሌ፦ የዘንድሮው ወጪ 600,000 ዶላር፣ ያለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ 400,000፣ 450,000 እና 500,000 ዶላር ቢሆን፣ አማካዩ 450,000፣ ግማሹ 225,000 ይሆናል። ከ600,000 ሲቀነስ 375,000 ይቀራል፤ 14 በመቶው 52,500 ዶላር ነው። ከሦስቱ ዓመታት በአንዱ እንኳ የምርምር ወጪ ካልነበረ፣ ስሌቱ ከዘንድሮው ወጪ 6 በመቶ ይሆናል። የቀደሙት ዓመታት ወጪ የዘንድሮው በተሰላበት መንገድ መሰላት አለበት፤ ዘንድሮ ደረጃ 1ን በጥብቅ፣ ያለፈውን በልቅ ማስላት አይቻልም።

ቀጥሎ የምርምር ወጪው በታክስ መግለጫው ላይ እንዴት እንደተያዘ ያረጋግጡ። ከ2022 እስከ 2024 በነበሩት የታክስ ዓመታት የአገር ውስጥ የምርምር ወጪ በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ ይቀነስ ነበር፤ በሐምሌ 2025 በጸደቀው ሕግ ግን ከ2024 ማብቂያ በኋላ ለሚጀምሩ ዓመታት በአንድ ጊዜ መቀነስ ተፈቅዷል። የውጭ አገሩ አሁንም በ15 ዓመት ይከፋፈላል። ለክሬዲት የቆጠሩት ወጪ እዚህም እንደ ምርምር ወጪ መታየት አለበት፤ በአንዱ ቦታ ምርምር፣ በሌላው ተራ ወጪ ብሎ መጻፍ መርማሪ ቀድሞ የሚያገኘው ልዩነት ነው። በአዲሱ ሕግ ወይ ተቀናሽ ወጪውን በክሬዲቱ መጠን ይቀንሳሉ፣ ወይ የተቀነሰውን ክሬዲት ይመርጣሉ፤ ለኮርፖሬሽን ታክስ በ21 በመቶ የሚቀነሰው ይህ ምርጫ በምሳሌያችን 41,475 ዶላር ይሰጣል። ምርጫው በጊዜው በገባ የመጀመሪያ መግለጫ ላይ ብቻ ይደረጋል።

ደረጃ 7፦ ቅጾቹን ይሙሉ

ክሬዲቱ በቅጽ 6765 ተሰልቶ ወደ ቅጽ 3800 (የንግድ ክሬዲቶች ወደሚጠቃለሉበት ቅጽ) ይተላለፋል። በዓመቱ ያልተጠቀሙበት ክሬዲት አንድ ዓመት ወደ ኋላና 20 ዓመት ወደ ፊት ይሄዳል። ድርጅቱ ኤስ ኮርፖሬሽን ወይም ሽርክና ከሆነ ክሬዲቱ ወደ ባለድርሻዎች ያልፋል፤ እያንዳንዱም የሚጠቀመው ከዚያው ድርጅት በሚያገኘው ገቢ ላይ ካለበት ታክስ ሳይበልጥ ነው።

አዲስ ድርጅት ከሆናችሁ፣ ማለትም የዓመቱ ጠቅላላ ገቢ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በታች ሆኖ በዚህ ዓመት ከሚያበቃው የአምስት ዓመት ጊዜ በፊት ምንም ገቢ ካልነበረ፣ በዓመት እስከ 500,000 ዶላር ድረስ ክሬዲቱን አሠሪው በሚከፍለው የደመወዝ ታክስ ላይ ማካካስ ይቻላል። ለዚህም ቅጽ 8974 ይሞላል። ትርፍ ገና ላልጀመረ ቢሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በተሻሻለ መግለጫ አይመረጥም።

የቅጹ ክፍል ጂ እያንዳንዱን ቢዝነስ ኮምፖነንት ከወጪው ጋር እንዲዘረዝሩ ይጠይቃል። ከ2025 ማብቂያ በኋላ ለሚጀምሩ የታክስ ዓመታት ግዴታ ሲሆን፣ የምርምር ወጪያቸው ከ1.5 ሚሊዮን፣ ጠቅላላ ገቢያቸው ከ50 ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠና በመጀመሪያ መግለጫ የሚጠይቁ ድርጅቶች፣ እንዲሁም የደመወዝ ታክስ ማካካሻውን የሚመርጡት አይገደዱም። ባይገደዱም የደረጃ 2 ማስታወሻዎች ካሉዎት ዝርዝሩ በእጅዎ ነው።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

• ለሁሉም መሐንዲስ አንድ ዓይነት መቶኛ መስጠት። ስሌቱ በፕሮጀክት ካልተገነባ ከቢዝነስ ኮምፖነንት ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም።
• ከክሬዲቱ በመቶኛ የሚከፈለው አማካሪ ውሎቹን ሳያነብ ቁጥር ሲያቀርብ መቀበል። ቅጣት ቢመጣ የሚከፍለው ፈራሚው ድርጅት ነው።
• የምርምር ክሬዲትን ከአንቀጽ 179ዲ ጋር ማደባለቅ። ያኛው ኃይል ቆጣቢ ሕንፃን የሚመለከት ተቀናሽ ነው፤ መመዘኛውም ሌላ ነው።
• ያለፈ ዓመት ክሬዲት በተሻሻለ መግለጫ ሲጠየቅ ቁጥር ብቻ መላክ። አይአርኤስ ጥያቄው የተመሠረተባቸው ቢዝነስ ኮምፖነንቶች ሁሉ፣ በእያንዳንዱ የተሠራው ምርምር፣ እንዲሁም የደመወዝ፣ የአላቂ ዕቃና የውጭ አማካሪ ወጪ ድምር አብሮ እንዲቀርብ ይጠይቃል። የጊዜ ገደቡ በመደበኛው መግለጫው ከገባ ሦስት ዓመት ወይም ታክሱ ከተከፈለ ሁለት ዓመት፣ ከሁለቱ ዘግይቶ የሚያበቃው ነው። በመጀመሪያው መግለጫ በመደበኛው ዘዴ ክሬዲት ከጠየቁ፣ ለዚያው ዓመት በተሻሻለ መግለጫ ወደ አማራጩ ዘዴ መዞር አይችሉም።